ለይቅርታ የተሸከምኩት ድንጋይ

ትሕትና ስንት ኪሎ ይመዝናል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሳላመነታ ከአንድ ኩንታል ትንሽ ያልፋል እላችኋለሁ። ሊቃውንቱ ሌላ መልስ ይኖራቸው ይሆናል፤ እነሱ በመጽሐፍ ነው የሚያውቁት። እኔ በማጅራቴ ተሸክሜ አይቼዋለሁ። ባለቤቴ ዘነቡ "ኧረ ሩብ ኩንታል እንኳ አይሞላም" ትላለች። ግን እሷ አልተሸከመችውም። ደግሞም በቤታችን ነገር የማሳነስ ሥራ የእሷ፣ የማጋነን ሥራ የኔ ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ ተከፋፍለነዋል። እናንተ መካከሉን ያዙና ተከተሉኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ሽማግሌው ሁሉ እርሳስ ይዞ ሀሁ የሚቆጥርበት፣ ጥጃ ከላሟ ለመለየት እንኳ ስብሰባ የሚጠራበት ዘመን። አገራችን ላስታ ነው፤ ከገነተ ማርያም ማዶ ያለው ጋራ ላይ። አገራችንን ለማታውቁት በአንድ ቃል ልንገራችሁ፤ ድንጋይ ነው። ማሳችን ድንጋይ፣ ቤታችን ድንጋይ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የወጣ ድንጋይ። ደወላችን ሳይቀር ከወይራ ዛፍ ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በሌላ ድንጋይ ሲመቱት ከብረት አብልጦ ይጮኻል። ይህን የደወሉን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ካልተመለስኩም እሱ ራሱ ይመለስብኛል።

በደብራችን አሥራ ሁለት ሆነን የሚካኤል ማኅበር እንጠጣለን። ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ ተራው የደረሰው ሰው ቤት እንሰበሰባለን። ድፎው ይባረካል፣ ጠላው ይቀዳል፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው የሸክላ ጽዋ ከዚህ ወር ባለተራ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ማኅበሩን ያቆሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የኔ አባትና የአያ ደምሌ አባት። ሕጉን ያወጡትም እነሱ። ሕጉ ደግሞ አጭር ነው፦ የተጣሉ ሰዎች ባሉበት ዳቦው አይባረክም፣ ጽዋውም አይዞርም። አባቶቻችን ይህን ሲደነግጉ ከሁለቱ ልጆቻቸው አንዱ እኔ እሆናለሁ ብለው አላሰቡም።

አያ ደምሌ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። የሴት ልጄ የክርስትና አባት ስለሆነ አበልጄ ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን የደብሩ ደወል ደዋይ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ዶሮ ራሷ የሱን ደወል ሰምታ ነው የምትጮኸው እስኪባል ድረስ። ሰው አንዳንዱ በመሬቱ ይኮራል፣ አንዳንዱ በበሬው። አያ ደምሌ የሚኮራው በመንቃቱ ነው።

እንግዲህ እኔ ምን ላይ እንደቀለድኩ ሳትገምቱ አትቀሩም።

በዐቢይ ጾም አንድ አርብ ቅዳሴው ረዘመ። ስግደቱ በዛ፣ አንጀታችን ታጠፈ። አያ ደምሌ መቋሚያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ቆሞ ሳለ አንገቱ ቀስ እያለ ዘመመና ተኛ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ጨዋ ሰው ቢሆን በክርኑ ነካ ያደርገዋል። እኔ ግን ነገሩን አጣጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ፋሲካ እንዳለፈ፣ በሚያዝያ ሚካኤል፣ ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ ፊቱ ሲፈካ ጠብቄ አወጣሁት። ካህኑ ለጸሎት ተነሡ ሲሉ አያ ደምሌ ዓይኑን ሳይገልጥ "ወይፈኑን ወዲያ መልሱት" አለ ብዬ አወራሁ። መቋሚያው ሳይቀር አብሮት ያንኮራፋ ነበር አልኩ።

መተኛቱ እውነት ነው። ወይፈኑን የጨመርኩት እኔ ነኝ። መቋሚያውንም።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። የአንዱ ጠላ በአፍንጫው ወጣ። አያ ደምሌ አልሳቀም። ዋንጫውን አስቀመጠና፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ "እኔስ ተኝቼ ነው። አንተ እኮ ዓይንህን ገልጠህ ነው ዳዊትህን ዘቅዝቀህ የምትደግመው" አለኝ።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ዳዊቱን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ልጅ ሳለሁ ከየኔታ በጆሮዬ የለቀምኩት። ፊደል የለየሁት ኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን እሑድ እሑድ ያን ትልቅ የብራና ዳዊት ገልጬ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ ገጽ እያገላበጥኩ ስደግም ያየ ሁሉ ሊቅ ነው ይላል። መጽሐፉ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ለኔ አንድ ነበር። ይህን የሚያውቀው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው አሥራ አራት ዓመት አፉን ዘግቶልኝ ኖሮ በዚያች ቀን ከፈተው።

እሱ ላይ ከሳቁት ይልቅ እኔ ላይ አብልጠው ሳቁ። እንደ እውነቱ ያመመኝ ይህ ነው።

በማግሥቱ ወሬው ገበያ ወረደ። በሳምንቱ ከጋሸና የሚመጡ የጭነት መኪና ረዳቶች ሳይቀሩ "ያ ዳዊት ዘቅዛቂው የት ነው?" ይሉ ጀመር፤ "ያ ወይፈን መላሹስ?" የሚሉም ነበሩ። ከዚያ ወዲያ እኔ ያለሁበት እሱ አይመጣም፣ እሱ ያለበት እኔ አልሄድም። ማኅበርተኛው ለሁለት ተከፈለ፤ የወይፈን ወገንና የዳዊት ወገን። ደወሉን ሲመታ እንኳ ወደ ኔ ቤት አቅጣጫ ቀስ አድርጎ የሚመታ ይመስለኝ ነበር። ሚስቶቻችን ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወንፊት ይዋዋሳሉ፤ ልጄም የክርስትና አባቷን ጉልበት ስማ ቆሎ ተሰጥቷት ትመጣለች። ከቆሎው ዘግኜ እበላለሁ። ከሰውየው ጋር ነው እንጂ ከቆሎው ጋር አልተጣላሁም።

ነገሩ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ደግ ሰው ነበር፤ ግን በቅርቡ ወረዳ ሄዶ አሥራ አምስት ቀን ሠልጥኖ ስለመጣ ያየውን ሁሉ በሥልጠናው ካልፈታ እንቅልፍ አይወስደውም። እሑድ ስብሰባ ጠራንና ሁለታችንም በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ እንድናወርድ አዘዘ። ግለ ሂስ ማለት ራስህን መንቀፍ ነው፣ ሌላውን መንካት አይፈቀድም አለን። አያ ደምሌ ቀድሞ ተነሣ። የኔ ጥፋት፣ አለ፣ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ይህን ያህል ዘመን አበልጅ ሆኜ መኖሬ ነው። እኔም ተነሥቼ፣ የኔ ጥፋት ደግሞ የተኛ ሰው እንዳይወድቅ ስሠጋ ቅዳሴዬን በአግባቡ አለመከታተሌ ነው አልኩ። ሊቀመንበሩ በጣም ደስ አለው። አስጨበጨበልን። ጸሐፊውን ጠርቶ በቃለ ጉባኤው ላይ "ታርቀዋል" ብሎ አስጻፈ፤ አስፈረመን። እንግዲህ በመንግሥት በኩል ታርቀናል፣ በእግዚአብሔር በኩል እንደተጣላን ነን። ሰባት ወር እንዲህ ኖርን።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ዓመታዊው በዓል ነው። እናም ማን ባለተራ ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ።

ዘነቡ ጠላውን ጠመቀች፣ ድፎውን ጋገረች። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን መምሬ ካሴ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ነገ ያንተን ዳቦ አልባርክም።"

እኔ ሣቅ ብዬ ዳቦው ምን አጠፋ አልኳቸው። እሳቸው አልሣቁም። ሰባት ወር ጠበቅኋችሁ አሉ። አንዳችሁ ስትመጡ አንዳችሁ ትቀራላችሁ፤ ማኅበርተኛውም ቀስ በቀስ መቅረት ጀምሯል፤ ባለፈው ወር አምስት ሰው ነው የመጣው፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ባረክሁ፤ ከእንግዲህ ግን አልጨፍንም አሉ። ከዚያ ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠውን ጽዋ አዩና፦

"ነገ ከቅዳሴ በፊት ካልታረቃችሁ ጽዋውን ወስጄ ዕቃ ቤት አስገባዋለሁ። አባትህና አባቱ ያቆሙትን እናንተ ቀበራችሁት እላለሁ። ለነሱም በሰማይ ሳገኛቸው እንዲሁ ነው የምነግራቸው" አሉ።

ይህን ብለው ሄዱ። እኔ ጽዋውን እያየሁ ቀረሁ። አባቴ በሞቱበት ክረምት፣ ድምፃቸው ሲደክም፣ ስለ መሬት አልተናዘዙም፣ ስለ ከብትም አልተናዘዙም። "ጽዋዋን አደራ" ነው ያሉት። ያን ጊዜ አያ ደምሌ ነበር አንገታቸውን ደግፎ ውሃ ያጠጣቸው። ይህንን ሳስበው ቀልድ አልመጣልኝም። በሕይወቴ ቀልድ ያልመጣልኝ ቀን ጥቂት ነውና ደነገጥኩ።

ለዘነቡ ይቅርታ ልጠይቀው ነው አልኳት። ደስ ብሏት "እንግዲያ አሁኑኑ ሂድ፤ ቤቱ እዚያው ነው" አለችኝ። ሰላማዊ ሰው እንዲህ ይላል። እኔ ግን አንዴ ዝቅ ካልኩ አይቀር ዝቅታዬ ወሬ እንዲሆን ፈለግሁ። እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ነገ ጠዋት፣ ደወል ተደውሎ ምእመኑ ሁሉ ደጀ ሰላሙ ላይ ሲሰበሰብ፣ በሰው ሁሉ ፊት እግሩ ላይ እወድቃለሁ አልኳት። የዳዊት መዘቅዘቁ ወሬ በዚህ ይሸፈናል። ሰው "ያ ዳዊት ዘቅዛቂ" ማለቱን ትቶ "ያ ትሑት" ይለኛል።

ዘነቡ በሰላም ጊዜ "አንተ" ነው የምትለኝ፤ ስትታዘበኝ "አንቱ" ትለኛለች።

"አንቱ" አለችኝ፣ "ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ወይስ ሊሾሙ?"

መልሴን ሳትጠብቅ ጎንበስ ብላ የወፍጮውን መጅ አንሥታ፣ ዱቄቱን አራግፋ ሰጠችኝ። ድንጋይ ካስፈለገ ይኸው፣ ይበቃል አለች። መጁን በእጄ መዘንኩት። ክንድ የማታህል ድቡልቡል ነገር ናት። በዚህች ድንጋይ ይቅርታ ብጠይቅ ጥሬ ሊያስፈጭ መጣ እባላለሁ እንጂ ማን ትሑት ይለኛል? ወዲያ በይው ብያት ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣሁ። ካህናቱ ውስጥ ማኅሌት ላይ ናቸው። ደጁ ላይ ማንም የለም፤ ምእመኑ የሚመጣው ደወል ሲሰማ ነው። በግቢው ዙሪያ ድንጋይ ፍለጋ ዞርኩ። ሰው ገበያ ወጥቶ በግ እንደሚያማርጥ አማረጥኩ። አንዱ ሲያንስ፣ አንዱ ሲሾል፣ አንዱ መልኩ ሳይጥመኝ ቆይቶ፣ ከወይራው ሥር ግንቡን ተደግፎ የቆመ አንድ ድንጋይ አየሁ። ጠፍጣፋ፣ ሰፊ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የለሰለሰ። ትከሻ ላይ ቢሆን ከሩቅ ይታያል። በእውነት ለይቅርታ የተፈጠረ ድንጋይ!

እናንተ ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም። ከክርስትናዬ ጀምሮ ያየሁትን ደወል እንዴት ሳታውቀው ቀረህ የሚሉኝ አሉ። ተንጠልጥሎ እንጂ መሬት ወርዶ አይቼው አላውቅማ! ሊቀመንበሩንም ያለ ካኪው፣ በቁምጣ፣ ወንዝ ዳር ያገኘሁት ቀን አላወቅሁትም ነበር። ለካ በዋዜማው የደወሉ ጠፍር ተበጥሶ፣ አያ ደምሌ ድንጋዩን አውርዶ ከግንቡ አስጠግቶት፣ አዲስ ጠፍር ውሃ ውስጥ ነክሮ አሳድሮ ኖሯል። እኔ እዚያ ስደርስ እሱ ያን ጠፍር ሊያመጣ ቤቱ ወርዷል።

ድንጋዩን እዚያው እስካለው እርከን ጫፍ ጎተትኩ፤ ከእርከኑ በታች ገብቼም ማጅራቴ ላይ ጫንኩት። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ጮኸ። ከዚያ ከታችኛው ግንብ ኋላ ተሸሽጌ መጠበቅ ጀመርኩ። ዕቅዴ ቀላል ነው፤ ደወል ይደወላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ እኔ እወጣለሁ።

ደወል አይደወልም።

ፀሐይ ጋራውን ወጣች። አሁንም ጸጥታ። ድንጋዩን እንዳላወርደው መልሶ የሚያሸክመኝ የለም። ላቤ በአፍንጫዬ ጫፍ ይንጠባጠባል፣ አንገቴ ተቆልፏል፣ የሚታየኝ የራሴ አውራ ጣት ብቻ ነው። ቀስ በቀስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሰውዬው ተኝቷል! አሥራ አምስት ዓመት ያላረፈደ ሰው በኅዳር ሚካኤል ቀን ተኝቶ ቀረ! እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ደስ አለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው በመጣሁት ሰው ላይ፣ ድንጋዩ ማጅራቴ ላይ እንዳለ፣ ለሚቀጥለው ወር ማኅበር አዲስ ቀልድ አሰናዳሁ። ወይፈኑ በዚህኛው ቀልድ በሬ ሆኖ ነበር።

በመጨረሻ አልቻልኩም። ልቀስቅሰው ብዬ፣ እንደተሸከምኩ፣ ወደ ቤቱ ቁልቁል መንገድ ጀመርኩ።

እሱ ለካ በላይኛው በር ጠፍሩን ይዞ መጥቶ ድንጋዩን ቢያይ የለም። ዞሮ ዞሮ ፈለገ። ደወል ሰርቆ የሚሸጥ ሌባ በአገራችን የለም፤ ስለዚህ ያሰበው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ይህ ቀልደኛ በበዓሉ ቀን ሊያዋርደኝ ሸሸገብኝ። ጠፍሩን እንደ አለንጋ ጨብጦ በመጣበት በር ወደ ቤቴ ወረደ። ይህን ኋላ የነገረችኝ ዘነቡ ናት። ባልሽ የት አለ ሲላት፣ "ድንጋይ ተሸክሞ አንተን ይቅርታ ሊጠይቅ ወጣ። ይኸውልህ፣ መጁን ብሰጠው ናቀው" አለችው። አያ ደምሌ ጠፍሩን ጣለ። መደቡ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ጥግ ያለችውን ጽዋ ለረጅም ጊዜ አያት። ደወሉንም በዓሉንም ረሳ። ከዚያ ተነሣ፤ እኔ የናቅሁትን መጅ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ወጣ።

ከመንደር ወደ ቤተ ክርስቲያናችን በታች በኩል የሚያስገባው መንገድ ከቋጥኙ የተፈለፈለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ጭነት ያላት በቅሎ ካላራገፈች አታልፍበትም። በዚህ ውስጥ እኔ ወደ ታች፣ እሱ ወደ ላይ፣ ሁለታችንም ያለ ዓይን ስንመጣ መካከል ላይ ገጠምን። ያወቅሁት በበረባሶው ነው፤ ግራውን በሽቦ የጠገነው።

"አበልጄ" አልኩት።

"አበልጄ" አለኝ። "ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

ይህን አልጠበቅሁም። ስንት ዕቅድ አውጥቼ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ በትሕትና ሊቀድመኝ ነው። ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ፣ አንተ ቀጥ ብለህ ቁም፣ እግርህ ላይ ልውደቅ አልኩት።

"አይሆንም። ጥፋቱ የኔ ነው" አለኝ።

"እንዴት ያንተ ይሆናል? ቀልዱን የጀመርኩት እኔ።"

"እኔ ባልተኛ በምን ትቀልድ ነበር?"

"ባትተኛም እቀልድ ነበር። አታውቀኝም?"

"አሥራ አራት ዓመት የያዝኩትን ምሥጢርህን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያንተ ቀልድ ነው፤ የኔ ክዳት ነው" አለ። ድምፁ ተሰበረ። ወዲያው ግን ጠነከረና፣ "ጥፋቴን እንኳ ልትወስድብኝ ነው?" አለኝ።

እኔም ድምፄ ከፍ አለ። የኔ ድንጋይ ያንተን አሥር እጥፍ ይሆናል፣ በድንጋይ መጠን ቢሄድ ጥፋተኛው እኔ ነኝ አልኩት። እሱም ጥፋት በሸክም አይለካም አለኝ። በእኔ በኩል ሌላ ሰባት ወር ለመጣላት አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችኝ። ያችን ቃል ላወጣ አፌን ስከፍት አየሁት፤ ጉልበቱ ሊታጠፍ ነው። እንዳይቀድመኝ ብዬ እኔም ወደቅሁ። ሁለታችንም እኩል ተንበረከክን፤ የሱ መጅ የኔን ድንጋይ መታው።

ድንንንንን።

በዚያ ጠባብ ቋጥኝ ውስጥ ድምፁ ወዲህ ሄዶ ወዲያ ተመለሰ። ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። አያ ደምሌ ቀና አለ። ያየኝ እኔን አይደለም፤ በላዬ ያለውን ነው። እጁን ዘርግቶ ጠርዙን ዳበሰው፣ ጠፍቶ እንደተገኘ ጥጃ።

"ደወሌን ነው የተሸከምከው?"

ደወል እንዲደወል ስጠብቅ ነበር አልኩት፣ በቀስታ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ መጁ ድንጋዩን ይመታል፤ ድን። ድምፁን ሲሰማ ይብሱን ይስቃል፤ ድን፣ ድን። እኔንም ያዘኝ። ደወሉ ያለ ሥርዓት፣ ሰካራም እንደሚደውለው ይጮኽ ጀመር።

በአገራችን ደወል እንዲህ ከተደወለ እሳት ተነሥቷል፣ አለዚያም ሽፍታ ገብቷል ማለት ነው። ሰው ማጭድ ያለው ማጭድ፣ ዱላ ያለው ዱላ ይዞ ከላይም ከታችም ጎረፈ። ሊቀመንበሩ ታጣቂዎቹን አስከትሎ መጣ። ካህናቱ ከማኅሌት ወጡ። የተመኘሁት ሕዝብ ሁሉ ከተመኘሁት በላይ ሆኖ ተሰበሰበ። ያየው ግን ሁለት ጎልማሶች በቋጥኝ መካከል ተንበርክከው፣ መነሣት አቅቷቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሲስቁ ነው።

መምሬ ካሴ መስቀላቸውን ይዘው በሰው መካከል መጡ። እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ድንጋዮቹን አዩ።

"ማነው ይቅርታ የጠየቀው?" አሉ።

"እኔ" አልን ሁለታችንም።

"እንግዲያ ይቅር ባዩ ማነው?"

ይህን ማንም አላሰበበትም ነበር። ሁለታችንም ስንጋፋ የኖርነው ለመውደቅ ነው፤ ለማንሣት የመጣ የለም። አያ ደምሌ መጁን መሬት አስቀመጠ፣ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ፤ ሁለት እጁን ከድንጋዩ ሥር አግብቶ ከማጅራቴ ላይ አወረደልኝ። ቆዳዬ ተልጦ ኖሯል። በነጠላው ጫፍ ደሙን ጠረገልኝ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለኝ። "ደወሌን ግን ሁለተኛ እንዳትነካ።"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" አልኩት።

ሊቀመንበሩ ብቻ ነው ቅር ያለው። ቃለ ጉባኤው ላይ ታርቀዋል ተብሎ ከተጻፈ በኋላ እንደገና መታረቅ መዝገብ ያበላሻል አለ። መምሬ ካሴ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳረፉለትና ነገሩን ረሳው።

በዚያ ቀን አሥራ ሁለታችንም ቤቴ ተገኘን። ዳቦዬ ተባረከ፣ ጽዋው ዞረ፣ እኔና አያ ደምሌ ተከታትለን ጠጣን። ፊት ሲፈካ፣ እንደ ልማዴ የጠዋቱን ጉድ ላወራ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። መምሬ ካሴ እጃቸውን አነሡ።

"ንስሐህን ልስጥህ" አሉኝ። "ይህን ታሪክ ከዛሬ ጀምሮ የሚያወራው ደምሌ ነው። አንተ አታቃናም፣ አትጨምርም፣ አትቀንስም።"

ስግደት መቶ፣ ሁለት መቶ ቢሉኝ እሰግድ ነበር። አያ ደምሌ ጀመረ። ሲያወራ አያምርበትም፤ መጨረሻውን መጀመሪያ ይናገራል፣ የሚያስቀው ቦታ ላይ ራሱ ቀድሞ ይስቃል። ድንጋዩን በግ ያህላል አለ። አፌን ከፈትኩ፣ መምሬ ካሴ አዩኝ፣ ዘጋሁት። በዓመቱ ድንጋዩ ጥጃ አከለ። በሦስተኛው ዓመት እኔ መተላለፊያው ውስጥ ሆኜ እንደ ሕፃን ስጮኽ ነበር። ማኅበርተኛው እንባው እስኪወርድ ይስቃል፤ እኔም ዋንጫዬን ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ እስቃለሁ። ማጅራቴ በሳምንት ዳነ። ይህኛው ሸክም ነው በየዓመቱ ክብደት የሚጨምረው።

መምሬ ካሴ ነፍሳቸውን ይማርና ዐረፉ። ሊቀመንበሩም ካኪውን አወለቀ፤ አሁን ያለ ካኪም አውቀዋለሁ። ማኅበራችን ግን እንደቆመች ናት፣ ጽዋዋም ትዞራለች። ደወሉም በአዲስ ጠፍር ተንጠልጥሏል፤ መጁ የመታው ጠርዙ ተሸርፎ ቀርቷልና ከሁሉም ደወል በድምፁ ይለያል። ይህን ለመጻፍ ፈቃድ የጠየቅሁት እንግዲህ አያ ደምሌን ነው። ትንሽ አሰበና "ጻፈው፤ ድንጋዩን ግን አታሳንሰው" አለኝ። ከኩንታል ያልፋል ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ጽፌ ስጨርስ ቤቱ ሄጄ አነበብኩለት፤ ደብተሩን አቃንቼ ይዤ። መቋሚያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ቆሞ ይሰማኝ ነበር። መጁ ድንጋዩን የሚመታበት ላይ ስደርስ ይስቃል ብዬ ቀና አልኩ። ተኝቷል። እንዲያውም ከእንቅልፉ ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረመ።

ምን እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ኪሴ ግን አልከተትኩትም። በክርኔ ነካ አደረግሁት፣ ነቃ፤ ንባቡንም ካቆምኩበት ቀጠልኩ።